ሦስተኛው ቁልፍ

እጅ ሳያነሱ ሰው መደብደብ ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ለድንቢጥ የመጣላት ቆይቶ ነው፤ መልሱንም ለጊዜው እንተወው። ያን ሐሙስ ቀትር ላይ ከአራተኛ ፎቅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው አንድ የታርጋ ቁጥር ብቻ ነው። ከታች ከመንገዱ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ይጮኻል። የዘበኛው ስልክ ይጮኻል። በር ላይ የቆሙት ሰዎች ስልክ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል።

ያስጮኸችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንቢጥ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስሙን ያወጡላት በቁመቷ ማነስና በወሬዋ ብዛት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ሰልጣኝ ሆና ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አራት ዓመት እንዲህ ከዘለቀች ዲግሪውንም ሥራውንም በአንድ ጊዜ ይዛ ትወጣለች። ስድስት መቶ ልጅ ተፈትኖ የተወሰዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሷና ረጅሙ። ረጅሙ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ቀልድ የማያልቅበት ልጅ ነው። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ «ሰልጣኝ» በሚል አንድ የመግቢያ ስም በጋራ ይሠራሉ፤ የቤት ሥራም ይኮራረጃሉ።

ድርጅቱ የሠራው የተሰረቀ ሞተር ሳይክል ማፋለጊያ ነው። ሞተሩ የተሰረቀበት ሰው ታርጋውን ያስገባል፤ በአካባቢው ያለ የተመዘገበ ስልክ ሁሉ «ተሰርቋል» እያለ ይጮኻል። ከተማው ወዶታል። ዘበኛው፣ ባለሱቁ፣ ታክሲ ጠባቂው፣ ያልጫነው የለም። ሠራተኞቹ ዘንድ ግን ሁለት ገጽ አለ፤ ዋናውና መሞከሪያው። እንደ መንትያ አንድ ናቸው። የሚለያቸው አናታቸው ላይ ያለች ቀጭን መስመር ብቻ ናት፤ የመሞከሪያው አረንጓዴ፣ የዋናው ቀይ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ሴት፣ የማንም ያልሆኑ አሥር ታርጋዎች ዝርዝር ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ከሥሩ በወፍራም እስክሪብቶ «ከዚህ ሌላ ቁጥር የሞከረ እጁ ይቆረጥ!» ብለው ጽፈውበታል። ያየው ሁሉ ይስቅበታል።

ያን ሐሙስ የዩኒቨርሲቲው የቤት ሥራ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር። ድንቢጥ የቤት ሥራውንና የመሥሪያ ቤቱን ሥራ እኩል ከፍታ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዘል አረፈደች። አንድ ታርጋ መሞከር ነበረባት። አንገቷን ወደ ግድግዳው ማዞር ሰነፈችና ጣቷ የለመደውን ቁጥር ጻፈች፤ የፉጨትን ሞተር።

ፉጨት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ዕቃ አመላላሽ ሞተረኛ። ከአፉ ፉጨት ስለማይጠፋ ነው እንዲህ የሚባለው። ጠዋት ጠዋት ከኋላው አፈናጦ መሥሪያ ቤቷ ደጃፍ ያደርሳታል። «ኢንጂነር፣ ጠበቅ አርገሽ ያዢ! አንቺ ከወደቅሽ የሀገር ኪሳራ ነው» ይላታል። አንድ ጊዜ የታርጋው ብሎን ወልቆ ታርጋው ሲንጠለጠል፣ በሽቦ ያሰረችለት እሷ ናት።

«ላክ» የሚለውን ተጫነች። ከዚያ ቀና አለች። አናት ላይ ያለችው መስመር ቀይ ነበረች።

ፉጨት በምሳ ሰዓት የሚቆመው እዚያው ከሕንፃው ሥር፣ አደባባዩ ዳር ነው። ድንቢጥ ስትደርስ ሞተሩ በጎኑ ተጋድሞ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ፉጨትን አላየችውም። የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው፤ የሰው ጀርባ፣ የሚነሳና የሚወርድ ክንድ። ከክንዶቹ አንዱ የፉጨትን የራሱን ሄልሜት ጨብጧል። ሄልሜቱ ባረፈ ቁጥር እርጥብ ጨርቅ ድንጋይ ላይ ሲመታ ያለ ድምፅ ይሰማል።

«የራሱ ነው! ሞተሩ የራሱ ነው!» ብላ ጮኸች።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ? ግብረ አበሩ ነሽ?» አለች ቦርሳ ያነገበች ሴት፤ ስልኳን ድንቢጥ አፍንጫ ሥር ደቅና። «ይኸው! ማንበብ አትችይም? ተሰርቋል ይላል!»

«ስህተት ነው! እኔ ነኝ የ…»

የማን እንደሆነ ያላወቀችው ክርን አፏ ላይ አረፈ። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ አፏ በደም ጨው ጨው አለ። በአራት እግሯ በሰዎች ቅልጥም መሃል ስትገባ ፉጨትን አየችው። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል። የአንዱ ሰው ጫማ እጁን እየመታ ከፊቱ ላይ ያስነሳዋል፤ የሌላው ጫማ የተገለጠውን ፊት ይመታል። ሁለቱ ሰዎች የሚተዋወቁ አይመስሉም፤ ሥራውን ግን እንደ አንድ ሰው ተካፍለውታል።

ረጅሙ ጋ ደወለች። «አጥፋው! አሁን የገባውን ማንቂያ አጥፋው!»

«የቱን? አንቺ፣ የምን ጩኸት ነው?»

«ዋናው ላይ ያለውን! የፉጨትን!»

«ማጥፊያ የለውም እኮ። ‹ተሰርቋል› እና ‹ተገኝቷል› ብቻ ነው ያለው።»

«የፈለገው ይሁን፣ ብቻ ተጫነው!»

ተጫነው። ስልኮቹ ሁሉ እንደገና ጮኹ፤ አሁን ግን በሌላ፣ በደስታ ዜማ። ቦርሳ ያነገበችው ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ «ተገኝቷል! ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን!»

«ተገኝቷል! ራሱ ነው!» ሕዝቡ አጨበጨበ። እስካሁን ዳር ቆሞ ሲያመነታ የነበረ ባለ ከረባት ሰውዬ ፋይሉን አስፋልቱ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠና፣ ተንደርድሮ የፉጨትን ጎድን ረገጠው።

ድንቢጥ ያኔ ትዝ አላት። ከሦስት ሳምንት በፊት እትዬ «‹በስህተት የገባ› የሚል ሦስተኛ ቁልፍ ጨምሪልኝ። ትንሽ ሥራ ናት» ብለዋት ነበር። እሷ ደግሞ በፈተና አሳብባ ሁለቴ ወደ ቀጣዩ ሳምንት አሻግራዋለች።

ዱላውን ያስቆመው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጥሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ መኪናውን ቀስ ብሎ ሕዝቡ መሃል አስገባው። ሰዉ ገለል አለ። እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ አንዳንዱም እየሳቀ፣ ወደ ምሳው ሄደ።

* * *

የፉጨት መንጋጋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ላይኛውንና ታችኛውን ጥርሱን በሽቦ አሰሩት፤ ስድስት ሳምንት አፉን አይከፍትም። አመሻሹ ላይ ድንቢጥ ስትገባ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እናቱ እግሩን ይዘው ተቀምጠዋል። ታላቅ ወንድሙ፣ በያጅ የሆነው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከልጅነቷ ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው።

«ከንፈርሽን ምን ሆንሽ፣ ልጄ?» አሉ እናትየው።

«ልገላግል ገብቼ ነው፣ እማማ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ሰው የጠፋ ዕለት ሰው ሆንሽ። ተባረኪ።»

ምርቃቱ እንደ ጥፊ አረፈባት። ፉጨት መስታወቱ የተሰነጣጠቀ ስልኩን አነሳና በአውራ ጣቱ ጻፈ፤ ወደ እሷ አዞረው። አንድ ቃል ነው፤ «ማን?»

እናትየውም ወንድሙም አንገታቸውን አስግገው አነበቡት።

«እንጃ» አለች ድንቢጥ።

በያጁ ከግድግዳው ተላቀቀ። «አንቺ እዛው አይደል የምትሠሪው? ኮምፒውተሩ ያስገባውን ሰው አያሳይም?»

«እ… እያጣሩ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ጥሩ» አለ በያጁ። «እኔም እያጣራሁ ነው።»

* * *

በማግስቱ ዓርብ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ቀን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሣጥንና ቀስት እየሣሉ ያስረዳሉ። ድንቢጥ እስክሪብቶ ይዛ አንድ ፊደል አልጻፈችም። ረጅሙ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ሪፖርቱን ትናንት ጻፍኩት። አትጨነቂ።»

«ምን ብለህ?»

«‹ማንነቱ ያልታወቀ የውጭ ተጠቃሚ።› እትዬ ሦስቴ አነበቡት፣ ምንም አላሉም፣ ፈረሙ። አለቀ!»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አልሰማሁሽም።»

«ረጅሙ…»

«ስሚ» አለ፤ ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «የመግቢያ ስሙ የጋራችን ነው። ማንም ለይቶ አያውቅም። አሁን ከተናገርሽ አንቺ ትባረሪያለሽ፣ እኔም በውሸት ሪፖርት እከተልሻለሁ። የሁለታችንም ዲግሪ ገደል ገባ። የፉጨት መንጋጋ ግን በዚህ አይገጥምም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። ማንን ይጠቅማል? እስቲ ንገሪኝ፣ ማንን?»

ድንቢጥ ረጅሙ ልክ ሊሆን ይችላል ብላ አሰበች፤ እንዲያውም ልክ ቢሆን ደስ ይላት ነበር። የቀራት ሦስት ዓመት ተኩል። ስድስት መቶ ልጅ። እናቷ ለጎረቤት ሁሉ የነገረችው ወሬ።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። መልእክቱ ከእናቷ ነው።

«ወንድም ጋሼሽ ብረት ይዞ የፉጨትን ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ጋ ሄዷል። ባለፈው ሳምንት በጎማ ጥገና ከፉጨት ጋር ተጣልተው ስለነበር እሱ ነው ያስገባው ብሏል። የሚይዘው ሰው ጠፋ።»

ከመቀመጫዋ ስትነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። መምህሩ ዞሩ። ረጅሙ እጅጌዋን ያዘ፤ መንጭቃ ወጣች።

የጎሚስታው ሱቅ ከዩኒቨርሲቲው የሩጫ አሥር ደቂቃ ነው። ስትደርስ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ የሚያይ እንጂ የሚገባ የለም። ውስጥ ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር ያጓራል፤ ከጩኸቱ በላይ ምንም አይሰማም። ጎሚስታው በግራ ጉልበቱ ተንበርክኮ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አቅፏል። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ቅንድቡ ላይ ይንጠባጠባል። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ «አይደለሁም» የሚል ይመስላል። በያጁ ደግሞ የክንድ ርዝመት ያለው ብረት ይዞ ከላዩ ቆሟል። ብረቱ ወረደ። ጎሚስታው በክንዱ መከተው፤ ክንዱ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጠፈ።

ድንቢጥ ጮኸች። የራሷን ድምፅ እንኳ አልሰማችውም። ብረቱ እንደገና ተነሳ። ዙሪያዋን አየች፤ ግድግዳው ላይ የኮምፕሬሰሩን ሶኬት አገኘችና ነቀለችው።

ጸጥታው ከጩኸቱ ይልቅ በያጁን አስደነገጠው። ብረቱን እንዳነሳ ዞረ።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ታርጋውን። እሱ ምንም አያውቅም። እኔ ነኝ። ልሞክር ብዬ… ሥራ ላይ፣ ስሞክር ነው።»

«ስትሞክሪ።» በያጁ ቃሉን እንደማያውቀው ቋንቋ ደገመው። «ወንድሜን መሞከሪያ አደረግሽው?»

ኮሌታዋን ይዞ ከመሬት አነሳት። ጀርባዋ ከጎማው ቁልል ጋር ተላተመ፤ ጎማዎቹ ላይዋ ላይ ተናዱ። አየር አጣች። ቀና ስትል ብረቱ ከራሷ በላይ ነው፤ ከብረቱ በላይ ያለው ፊት ደግሞ በልጅነቷ ብስክሌት ሲያስነዳት የምታውቀው ፊት ነው።

«ተው!» አለ ጎሚስታው ከመሬት። «ልጅ ናት፣ ተው! ልጅ ልትገድል ነው?»

ብረቱ ወረደ። ከጆሮዋ ስንዝር ርቆ ያለውን፣ የተበሳ ጎማ የሚፈተሽበትን የውሃ ገንዳ መታው። ገንዳው ተሰነጠቀ፤ ጥቁር ውሃ ፊቷንና ደረቷን አለበሳት። በያጁ ብረቱን ጣለ።

«ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አለ። «እሱም አፉ ታስሮ ጠይቆሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ከፊቴ ጥፊ። ሳልለወጥ ጥፊልኝ።»

ከፊቱ ጠፋች፤ ጎሚስታውን ደግፋ። ታክሲ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሻርፗን ፈትታ ግንባሩን አሰረችለት። ሰውዬው የታጠፈ ክንዱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየዋል፤ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ የተቀበለ ይመስላል።

«አመሰግናለሁ አልልሽም» አለ።

«አይበሉኝ።»

«ከትናንት ጀምሮ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

ታክሲው መጣ። በሩን ከፍታ ደግፋ አሳፈረችው።

* * *

እትዬ ብቻቸውን ነበሩ። ድንቢጥ ጥቁር ውሃ እያንጠባጠበች ጠረጴዛቸው ፊት ቆመች። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እትዬ፣ የትናንቱ ሪፖርት ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«የውጭ ሰው ‹ሰልጣኝ› በሚል ስም አይገባም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ያቺን ሦስተኛ ቁልፍ ለአንድ ሰልጣኝ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ስታሻግሪያት አይቼ ዝም ያልኩትም እኔ። ሪፖርቱን ሳነብ… ለእኔም ተመችቶኝ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። የድርጅቱ ባለቤት ይህን ካወቀ አንቺን አያቆይሽም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። አዲስ ቅጽ ይስጡኝ።»

ቅጹ ላይ «ስህተቱን የፈጸመው» የሚል መስመር አለ። ድንቢጥ እዚያ ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ የመታወቂያውን፣ እዚህ ቤት ማንም ጠርቷት የማያውቅበትን። ከዚያ «በቀጣዩ ቀን በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ጉዳት» ብላ የጎሚስታውንም ጨመረች። ስለ ረጅሙ አንድ ቃል አልጻፈችም። እሱን እሱ ይጻፈው።

እትዬ ወረቀቱን ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ ድንቢጥ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እስኪጠሯት ድረስ ገና የእሷ ነው። መሞከሪያውን ከፈተች። መስመሯን አየች፤ አረንጓዴ ናት። ዞር ብላ እንደገና አየች። ሦስተኛውን ቁልፍ መጻፍ ጀመረች።

አሥራ ስምንት መስመር ሆነ። አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ከግድግዳው የመጀመሪያውን የውሸት ታርጋ፣ ቁጥር በቁጥር ቀና እያለች ገልብጣ ሞከረችው። «በስህተት የገባ። ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ ስልኳ፤ ያለ ዜማ። እውነትም ትንሽ ሥራ ነበረች።

ከዚያ ስልኳን አንስታ ለፉጨት ጻፈች። ብዙ ጻፈች፤ ስለ ቤት ሥራው፣ ስለ ቀጭኗ መስመር፣ ስለ ድካሟ። አነበበችው። ሁሉንም አጠፋችና እንደገና ጻፈች፦

«ማን ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝም አውቅ ነበር።»

ላከችው።

ድርጅቱ በሦስተኛው ቀን አሰናበታት፤ ዩኒቨርሲቲውም ስሟን ከዝርዝሩ አወጣ። እናቷ ሁለት ቀን አላናገረቻትም፤ በሦስተኛው ቀን «ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለቻት። ድንቢጥ ጠዋት ጠዋት የጎሚስታውን ሱቅ መክፈት ጀመረች፤ ክንዱ እስኪድን ጎማ የሚያነሳለት ሰው ያስፈልገዋል። ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ስልኩ ላይ ያለው የሞተር ማፋለጊያ ታደሰ፤ ገልጦ አየና «ይሄ ሦስተኛው ቁልፍ ደግሞ ምንድን ነው?» አላት።

ስድስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማለዳ ለሥራ ስትለባብስ ከግድግዳው ማዶ ፉጨት ሰማች። መጀመሪያ የተሰባበረ፣ ንፋስ የበዛበት ነበር፤ ቆየት ብሎ ግን ዜማ ያዘ። ሽቦው ተፈቷል ማለት ነው። አንድ እጇን እጅጌዋ ውስጥ እንዳስገባች ቆመች። ሞተሩ ተነሳ። እንደ ድሮው ደጃፏ ላይ ቀዝቀዝ አለ፤ ከዚያ ርቆ ሄደ።

ስልኳን ከፈተች። መልእክቱ ከላከችበት ቀን ጀምሮ «ተነቧል» ይላል። ከሥሩ ምንም የለም።